የአውሮፕላን ጭነትና የክብደት ስሌት ስህተት

የአውሮፕላን ጭነትና የክብደት ስሌት ስህተት የሚባለው ለበረራ በተዘጋጀ አውሮፕላን ሰነድ ላይ የሰፈረው ክብደት ወይም የጭነት አደላደል ከእውነተኛው ሳይጣጣም ሲቀር ነው። ስህተቱ ከሻንጣና ከዕቃ አጫጫን፣ ከመንገደኞች የክብደት ግምት፣ ከነዳጅ ልኬት ወይም ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ከሚፈጠር ግድፈት ሊመጣ ይችላል። ብዙዎቹ ስህተቶች ያለ ጉዳት ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሰው ሕይወት ቀጥፈዋል።

ክብደቱ እንዴት ይታወቃል?

በመደበኛ የመንገደኞች በረራ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል በሚዛን ላይ አይወጣም፤ ክብደቱ የሚታወቀው በስሌት ነው። ባዶ ክብደቱ በየተወሰነ ጊዜ ይመዘናል። በዚያ ላይ የሠራተኞች፣ የመንገደኞች፣ የሻንጣ፣ የዕቃና የነዳጅ ክብደት ይደመራል። መንገደኞች ብዙውን ጊዜ ስለማይመዘኑ ለአዋቂና ለልጅ፣ አንዳንዴም ለወንድና ለሴት በተናጠል፣ አማካይ ክብደት ይወሰዳል። ድምሩ «ሎድ ሺት» በሚባል ሰነድ ላይ ተጽፎ ለአብራሪዎች ይሰጣል። አብራሪዎቹም ለመነሳት የሚያስፈልገውን የሞተር ግፊትና ፍጥነት የሚያሰሉት በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከተሳሳተ ግፊቱና ፍጥነቱም አብረው ይሳሳታሉ።

የሚፈቀደው ከፍተኛ የመነሻ ክብደት እንደ ቦታውና እንደ አየሩ ሁኔታ ይለያያል። ሙቀትና ከፍታ አየሩን ስለሚያሳሱት የክንፍም የሞተርም ጉልበት ይቀንሳል። የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በመንገድ አርፈው ነዳጅ የሚቀዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የስበት ማዕከል

ጠቅላላው ክብደት ትክክል ቢሆንም የጭነቱ ቦታ ከተሳሳተ አደጋ አለ። የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ የስበት ማዕከል ይባላል፤ ይህም ነጥብ በተወሰነ ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። ለምሳሌ በ50,000 ኪሎ ግራም አውሮፕላን ውስጥ 500 ኪሎ ግራም ጭነት 10 ሜትር ወደ ኋላ ቢዛወር፣ የስበት ማዕከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ማዕከሉ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከሆነ አፍንጫውን ማንሳት ይከብዳል። ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከሆነ ደግሞ አፍንጫው ያለ ልክ ቀና ይልና ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በማያሚ አንድ ዲሲ-8 የጭነት አውሮፕላን ጭነቱ በተሳሳተ መንገድ በመደልደሉ እንደተነሳ ወድቆ አምስት ሰዎች ሞተዋል። በ2013 ደግሞ በአፍጋኒስታን ባግራም፣ በቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ውስጥ በሚገባ ያልታሰረ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ከማሰሪያው አምልጦ ወደ ኋላ በመንሸራተት የጅራቱን መቆጣጠሪያ ጎዳ። የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ።

የስሌት ስህተት ምሳሌዎች

የመለኪያ መደባለቅ፦ በ1983 ካናዳ ወደ ሜትሪክ መለኪያ በመሸጋገር ላይ ሳለች፣ አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ሊትሩ ወደ ክብደት ሲለወጥ ግን የኪሎ ግራሙ ማባዣ (0.8 ገደማ) ቀርቶ የፓውንዱ (1.77) ተወሰደ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሳ። ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ፤ አብራሪዎቹም እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ አየር ኃይል ሰፈር አሳረፉት። የሞተ ሰው የለም።

ያረጀ አማካይ፦ በ2003 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ አንድ ቢችክራፍት 1900 አውሮፕላን ወድቆ የተሳፈሩት 21 ሰዎች ሞቱ። አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሪ ገመድ በጥገና ወቅት በትክክል አልተስተካከለም ነበር። በዚያ ላይ ጭነቱ ከልክ በላይ ወደ ኋላ አዘንብሏል። ስሌቱ የቆየ አማካይ ክብደት ስለተጠቀመ ይህ በሰነዱ ላይ አልታየም። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አማካዩን ከፍ አድርጎታል።

የቀድሞ በረራ ቁጥር፦ በ2004 በካናዳ ሃሊፋክስ አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር ተከስክሶ ሰባት ሠራተኞች ሞቱ። ምርመራው እንዳመለከተው፣ ለስሌቱ የገባው የቀደመው በረራ ክብደት ሳይሆን አይቀርም። ይህም ከእውነተኛው ከ100 ቶን በላይ ያንስ ነበር።

የአንድ አኃዝ ስህተት፦ በ2009 በሜልበርን 362.9 ቶን መጻፍ ሲገባው 262.9 ተብሎ ገባ። 275 ሰዎችን የያዘው የኤምሬትስ ኤርባስ ኤ340 ጅራቱ ማኮብኮቢያውን እየፋቀ በጭንቅ ተነሳ፤ ተመልሶም በሰላም አረፈ።

የሶፍትዌር ስህተት፦ በ2020 ከእንግሊዝ በርሚንግሃም በተነሳ አንድ ቦይንግ 737፣ «ሚስ» (ወይዘሪት) ተብለው የተመዘገቡ 38 ሴቶችን ሥርዓቱ እንደ ልጅ ቆጠራቸው። ፕሮግራሙ በተጻፈበት አገር «ሚስ» የሚባሉት ልጃገረዶች ናቸውና ለእያንዳንዷ ከ69 ይልቅ 35 ኪሎ ግራም ተያዘ። ሎድ ሺቱ ከእውነተኛው ክብደት ከ1,200 ኪሎ ግራም በላይ አንሶ ወጣ። ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፣ ማስጠንቀቂያም አላሳየም፤ ያደረገው የታዘዘውን ነበር። በረራው ያለ ጉዳት ተጠናቋል።

መከላከያ

ዋናው መከላከያ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አስልተው ውጤቱን ማመሳከራቸው ነው። ሁለቱም ከአንድ የተሳሳተ ቁጥር ከተነሱ ግን ውጤታቸው መግጠሙ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሩ ለዚያ ዓይነት አውሮፕላንና ለዚያ ርቀት የሚመጥን መሆኑ በግምትም ይፈተሻል። አማካይ ክብደቶችን ለማደስ አንዳንድ አየር መንገዶች ፈቃደኛ መንገደኞችን ይመዝናሉ፤ የኒውዚላንዱ በ2023፣ የፊንላንዱ በ2024 እንዲህ አድርገዋል። በትንንሽ አውሮፕላኖች የአንድ ሰው ክብደት እንኳ ሚዛኑን ስለሚነካ እያንዳንዱ መንገደኛ ሊመዘን ይችላል። ብዙ ባዶ ወንበር ባለበት በረራ መንገደኞች ከመነሳት በፊት ከተመደበላቸው ቦታ እንዳይለቁ የሚጠየቁትም ለዚሁ ነው።