ሳይታመሙ መናዘዝ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ዶማ የሚይዘው ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ እንጨት የሚፈልጠው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ መርዶ የሚያደርሰው በየፊናው ይሰማራል። የቀረ ይቀጣል። ፍትሐቱም ቀን አለው፤ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። ከሞት በኋላ ላለው እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ከሞት በፊት ስላለው ግን ተሰብስቦ ሲመክር እምብዛም አይታይም። መሬቱ ለየትኛው ልጅ ይሁን፣ በሽተኛውን ማን ያስታም፣ የተዝካሩ ወጪ እስከ ምን ይድረስ የሚለው የሚነሣው ሰውየው አልጋ ከያዘ በኋላ፣ የነፍስ አባቱና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ተጠርተው ነው። ለመናዘዝ ደግሞ ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም።

ስለ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ለዚያ ሰዓት ቃል የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። ሆኖም በዚህ መንገድ ማዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ500 ብር ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ በግ አይገዛም። ሰውየው አገግሞ ሦስት ወር ከቆየም የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ የይዞታ መብትን በኑዛዜ ማውረስ ቢፈቅድም፣ እርሻንና ከብትን የሚያህል ንብረት በቃል አደራ ጥሎ መሄድ ለልጆች የሚያወርሰው ሙግት ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ግን የሚፈልገው በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይኸው መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ፣ ወዲያውም መፈረም ነው። ቅሬ በተሰበሰበበት ቀን አራት ምስክር ከየት ይታጣል? ጽሕፈት የሚችል ደብተራ ወይም አስተማሪም በየቀበሌው አለ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ጆን አንደርውድ የተባለ እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ ሰዎች ሻይና ኬክ ይዘው ስለ ሞት የሚያወሩበትን ስብሰባ ጀመረ፤ ሐሳቡን ያገኘው በ2004 ተመሳሳይ ነገር ከጀመረው ከስዊሱ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ከበርናር ክሬታዝ ነው። ስብሰባው ብዙ አገር ተዛምቷል። እነሱ ሥርዓቱ ስለጠፋባቸው ካፌ አስፈለጋቸው፤ እኛ ቅሬው፣ ሰንበቴውና ማኅበሩ በእጃችን ነው። ከዚህ የውጭ ልማድ የምንወስደው ነገር ቢኖር ሰው ጤነኛ ሳለ መነጋገሩን ብቻ ነው።

«ይህ ሟርት ነው፤ ሞትን የጠራ ይመጣበታል» የሚል አይጠፋም። ሟርት ቢሆን ኖሮ የቁም ተዝካር የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ልጆቼ ያወጡልኛል አያወጡልኝም ብሎ የተጠራጠረ ሰው በሕይወት እያለ ድግሱን ደግሶ፣ ካህናቱንና ድሃውን አብልቶ ተዝካሩን ያወጣል። ባልቴቷም ለመግነዣዬ ብላ ገንዘብ ስትቋጥር ማንም አላወገዛትም። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ከድንገተኛ ሞት እንዲሰውረን የምታስጸልየን ሰው ተሰናድቶ እንዲሞት ነው።

የባሰው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኑዛዜ በአደባባይ ከተወራ ወንድማማች ይጣላል፣ አባትም በቁሙ ይናቃል ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። ቅሬው ግን የማንንም ኑዛዜ ይዘት ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሥራው ሕጉን ማስረዳትና ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ምሥጢሩን መጠበቅ የሚሻ፣ መጻፍ ከቻለ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ በየገጹ ቀንና ፊርማ ቢያኖርበት ያለ ምስክር ይጸናለታል። እኔን የሚያሳስበኝ የቅሬው ስብሰባ አባወራ የሚበዛበት መሆኑ ነው። ሕጉ ሁለት ሰዎች፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ፣ በአንድ ሰነድ አብረው የተናዘዙትን አያጸናውም። ስለዚህ ባል ለቤቱ ተናዟል ማለት ሚስት ተናዛለች ማለት አይደለም፤ የእሷ ድርሻ የራሷን ወረቀት፣ እሷም በቅሬው ጉባኤ የራሷን ወንበር ትፈልጋለች።