ሰው ሠራሽ ዛፍ ችግኛችንን ይተካልን?



በክረምቱ ግቢያችን ውስጥ ችግኝ ስንተክል ከመካከላችን አንዱ፣ «ካርቦን የሚመጥ ማሽን ተሠርቶ የለ እንዴ? እኛ ለምን በጭቃ እንለፋለን?» አለ። ቀልድ ቢመስልም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ማሽኑስ በእርግጥ አለ። በሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. 600 ሊትር ውኃና አልጌ የያዘ የመስታወት ገንዳ መንገድ ዳር ቆሟል። አልጌው በብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ኦክስጅን ይሰጣል። ሠሪዎቹ የ10 ዓመት ሁለት ዛፎችን ያህል ይሠራል ይላሉ። መትከያ ቦታ ለጠፋበት ከተማ ጥሩ መላ ነው።

ሌላው ዓይነት አየሩን በትልልቅ ማራገቢያ ስቦ ካርቦኑን በኬሚካል ያጣራል። በዚያው ዓመት በአይስላንድ ሥራ የጀመረው ኦርካ በዓመት እስከ 4,000 ቶን እንዲይዝ የታቀደ ነው። ጣጣው ኃይል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቶን ለማግኘት ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አየር ማጣራት ያስፈልጋል። አይስላንድ ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት አላት። የያዘችውንም ካርቦን በውኃ አሟሙታ ባዛልት በተባለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ እዚያው ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። የመካነ ሰላም ደጋ ጥቁር ድንጋይም ባዛልት ነው፤ እንፋሎቱም በስምጥ ሸለቋችን አለ። ስለዚህ ትምህርቱ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ባዕድ አይደለም።

ሆኖም ማሽኑ የሚተካው ከዛፍ ሥራዎች አንዱን ብቻ ነው። የቦረናን ቁልቁለት አፈር በሥሩ አይዝም፣ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ጎርፍ አያዘገይም፣ ለንብ አበባ፣ ለእረኛ ጥላ አይሆንም። ደንቆሮ ጫካን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

በሌላ በኩል፣ እኛም ራሳችንን አንሸንግል። የደረቀ ችግኝ ከጠፋ ማሽን አይሻልም። ካርቦን የሚይዘው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው። ከዛፍ ሰው፣ ወፍና እንስሳ ሲጠቀሙ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት በመድረሳ ተምረናል። ለመጥቀም ግን መጀመሪያ በጋውን ማለፍ አለበት።

ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ ችግኝ በአማና እንረከብ። እስከ መጪው ዝናብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ጀሪካን ውኃ ይበቃናል፤ ኢንሻአላህ።