አርባ ዓመትና የመርፌ ቀዳዳ

በቤታችን «የተወለድሽው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኛ እህትማማቾችና ወንድማችን ያደግነው ጭሮ ነው፤ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ «አሰበ ተፈሪ» የሚሏት፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ በጨርጨር ደጋ ላይ የተቀመጠችው ከተማ። የዕድሜያችን መዝገብ እናታችን ናት። እሷ ደግሞ የምትቆጥረው በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በድርቅ፣ በአዝመራና በረመዳን ነው።

ነገሩን የጀመረችው የታላቅ እህታችን ልጅ ናት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እናቴ አርባ ዓመት ልትሞላ ነው፤ ኬክ እንግዛ፣ ሻማም እናብራላት» አለች። «መቼ ነው የምትሞላው?» ብለን ብንጠይቃት የእናቷን መታወቂያ አውጥታ አሳየችን። በመታወቂያው ላይ የተጻፈው መስከረም 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ መስከረም 1 ይጻፍለት የለም? በዚህ ስሌት እህታችን አርባን ካለፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

እናታችን ይህን ሰምታ ሳቀች። «እሷንማ ባቡሩ በወደቀ በሁለተኛው ረመዳን ነው የወለድኳት» አለችን።

ባቡሩ የቱ እንደሆነ በምዕራብ ሐረርጌ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ወድቆ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። በሚኤሶ ጣቢያ የሚነግዱ፣ በባቡሩ የሚመላለሱ ዘመዶች የነበሯቸው ቤተሰቦች ያንን ዓመት አይረሱትም። እንግዲህ እኛም ወረቀትና እርሳስ አንሥተን ቆጠርን። ከዚያ ጥር በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ረመዳን የ1405 ዓመተ ሂጅራው ነው፤ ሁለተኛው የ1406ቱ ሲሆን የዋለው በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነበር። እናታችን ሌሊቱን እንኳ አልረሳችውም፤ አሥራ ሰባተኛው ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ እህታችን ያሳለፈቻቸውን ረመዳኖች ብንቆጥር አርባኛው ዓመት የሚሞላው በ1446ቱ ረመዳን፣ ማለትም በመጋቢት 2017 ሆኖ ተገኘ። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ በመሆኑ ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ያንሳል። በዚህም ምክንያት በዚያ ረመዳን እህታችን በፀሐይ ቆጠራ ገና ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአሥር ወር ገደማ ነበረች። በመታወቂያዋ አርባ አንድ አልፏታል፣ በሂጅራ አርባ ሞልቷታል፣ በፀሐይ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝም አልሆናትም። ባለቤቷ «የሚሻልሽን ምረጪ» ብሎ ቀለደባት።

የአርባ ዓመቱ ነገር ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አሕቃፍ 15ኛ አንቀጽ ላይ ይህንን ዕድሜ በስሙ ይጠራዋል። ሰው አርባ ዓመት ሲደርስ በእርሱና በወላጆቹ ላይ ለተዋለው ጸጋ ጌታውን ለማመስገን እንዲረዳው፣ ዘሮቹንም እንዲያስተካክልለት እንደሚለምን ይነግረናል። ስለዚህ አርባ መሙላት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም ተስማማን። ያልተስማማነው በአደራረጉ ላይ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድማችን በስልክ «ኬክና ሻማ ከየት የመጣ ልማድ ነው? ተዉት» አለ። ታናሽ እህታችን «ዱዓ አድርጎ አብሮ መብላት ምን ሐራም አለበት?» ብላ መለሰችለት። ዑለሞችም ቢሆኑ ስለ ልደት ማክበር አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከነአካቴው የከለከሉ አሉ፣ ከዒባዳ ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ እንደ ተራ ልማድ ያዩትም አሉ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንምና እዚህ ውስጥ አንገባም። በስልክ የተጀመረው ክርክር ግን ሳምንት ፈጀ።

በዚህ ሁሉ መካከል ባለጉዳይዋ ምንም አላለችም። እህታችን ዱሮውንም ብዙ አትናገርም፤ የልቧን የምታወጣው በእጅ ሥራዋ ነው።

ስለ እጅ ሥራዋ ትንሽ ማውራት አለብን። እናታችን በተማሪነቷ ዘመን በባልትና ክፍለ ጊዜ የተማረችውን ጥልፍ ለሴት ልጆቿ ሁሉ አስተምራለች፤ የያዘችው ግን ታላቋ ብቻ ናት። ስፌቱ እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት አጭር ክሮች ተጣምሮ የሚሠራ መስቀለኛ ስፌት ነው። ሥዕሉ በጨርቁ ላይ አይነደፍም፤ ወረቀት ላይ ያለውን ሳጥን እየቆጠሩ በጨርቁ ላይ ያለውን ቀዳዳ እየቆጠሩ ነው የሚሄዱት። እህታችን በልጅነቷ የለመደችው በቡና ጆንያ ላይ ነበር። የጆንያ ድርና ማግ ሰፋ ያለ ስለሆነ በዓይን ይቆጠራል፤ ክሩ ደግሞ ያረጀ ሹራብ ተፈትቶ የተገኘ ነው። ኋላ ጨርቅ መነገድ ስትጀምር፣ በሂርናና በበደሳ ገበያ መዞር ሲመጣ፣ ከድሬዳዋ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ጨርቅና ክር ማስመጣት ቻለች። ከክሮቹ አንዳንዱ ዲ.ኤም.ሲ. የሚል ምልክት ያለበት ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1746 ፈረንሳይ አገር ሙሉዝ ከተማ የተቋቋመ ነው። አንዱ ጥቅል ስምንት ሜትር ርዝመት ሲኖረው ስድስት ቀጫጭን ክሮች ተገምደውበታል፤ እህታችን ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ለይታ ትሰፋበታለች።

አሠራሯን ለመቅሰም ለሚፈልጉ እህቶች እንንገራቸው። ጨርቁን አራት አጥፋ መካከሉን ታገኝና ከዚያ ትጀምራለች፤ ከጫፍ የጀመረ ሰው ሲጨርስ ጨርቅ ያጥረዋል። ከላይ የሚያርፉት ክሮች ሁሉ ወደ አንድ ጎን መጋደም አለባቸው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ካዘነበለ ሥራው ሲጠናቀቅ በብርሃን ያስታውቃል። በክሩ ጫፍ ቋጠሮ አታደርግም፤ ጫፉን በጀርባ በኩል በተሰፋው ሥር ትቀብረዋለች። «የሰው ሥራ በጀርባው ይታወቃል» ማለት ትወዳለች። በአንድ ኢንች አሥራ አራት ነጥብ በሚይዝ ጨርቅ ላይ ሰባ ነጥብ በመቶ ነጥብ የሆነ አበባ ብትሰፋ ከ13 በ18 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ነጥቡ ግን ሰባት ሺህ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን አንድ ጊዜ «አንቺ ሙስሊም አይደለሽም? ምነው ቀኑን ሙሉ መስቀል ስትሰፊ?» ብላት ነበር። ያኔ በሕይወት የነበሩት አባታችን ከውጭ ሰምተው «አንቺስ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትደርሺ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ ወይ?» አሏት። ለነገሩ ይህ ስፌት ሙስሊሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የፍልስጤም ሴቶች «ተጥሪዝ» የሚሉትና በቀሚሳቸው ደረት ላይ የሚሰፉት ጥልፍ ከሁሉም ይልቅ በዚሁ ስፌት ይታወቃል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞልያን ሙዚየም ደግሞ በመምሉኮች ዘመን በግብፅ የተጠለፉ፣ ክር እየተቆጠረባቸው የተሠሩ ጨርቆች ተቀምጠዋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ የሐረር ሴቶች የስፌት ሥራ ላይ ያሉት ቅርጾችም በቆጠራ የሚወጡ ናቸው። እህታችን የሰውና የእንስሳ ምስል ስለማትሰፋ ከአበባና ከማዕዘን ቅርጽ አትወጣም። አንድ ጊዜ ከገዛችው የናሙና ወረቀት ላይ ጣዎሱን ትታ ቅጠሉን ብቻ ሰፍታ፣ ቅጠሉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

እንግዲህ የልደቱ ክርክር በጦፈበት ሳምንት ታናሽ እህታችን አንድ ነገር አስተዋለች። የጥልፍ ቅርጫቱ ከቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ለብሷል። መርፌው በተጀመረው ጨርቅ ላይ እንደተሰካ ዝጓል። ብንጠይቃት «ክሩ መጥፎ ነው» አለች። በሌላ ቀን «ጊዜ አጣሁ» አለች። በመጨረሻ ልጇ ናት የነገረችን፤ ማታ ማታ እናቷ መርፌውን አምፖሉ ሥር ይዛ፣ አንዴ እያራቀች አንዴ እያቀረበች፣ ክሩን ማስገባት ሲያቅታት አልቅሳለች።

ለምን እንዳለቀሰች ሁላችንም ወዲያው ገባን። አያታችን፣ አኮ የምንላቸው፣ በእርጅናቸው ዘመን ዓይናቸው ጠፍቶ ግድግዳ እየዳሰሱ ነው የኖሩት። ውዱእ የምታስደርጋቸው፣ እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው ይህችው እህታችን ነበረች። አሁን ስናስበው የአኮ ሕመም የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞራ ደግሞ ዛሬ በቀዶ ጥገና የሚድን ነው። እሷ ግን «የእኔም ተራ ደረሰ» ብላ ለማንም ሳትናገር ወራት አሳልፋለች።

ከዒዱ በፊት አብረናት ወደ ሐኪም ሄድን። ምርመራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሐኪሙ በማንበቢያ ካርድ ከመረመራትና የዓይኗን ውስጥ ካየላት በኋላ «ዓይንሽ ጤነኛ ነው፤ አርባ ሞልቶሽ ነው» አላት። መታወቂያዋን አላየም፤ የጨረቃ ይሁን የፀሐይ አርባም አልጠየቀም!

ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ያለውን ለማየት ቅርጹን ይለውጣል። ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀ ይሄዳልና በአርባዎቹ ገደማ ይህን ማድረግ ይሳነዋል። ሕክምናው «ፕረስባዮፒያ» ይለዋል። ሩቁ ይታያል፤ ቅርቡ፣ በተለይ በማታ ብርሃን፣ ይደበዝዛል። ጥልፍ መሥራት አላመጣውም፤ መነጽር ማድረግም አያባብሰውም። ሁሉም ሰው ዕድሜ ከሰጠው ይደርስበታል። በድንገት የሚመጣ መጨለም፣ ሕመም ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ካለ ግን ሌላ ነገር ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል። መንገድ ላይ የሚሸጠውን መነጽር ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ከአርባ በኋላ ያለ ሕመም ዓይንን የሚጎዱ በሽታዎች ስላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ችግር ኖሮባቸው መነጽር ያላገኙ ሰዎች 826 ሚሊዮን ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በህንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው አርባና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎችን ተከታትሎ፣ የቅርብ ማያ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ የሥራ ውጤታቸው ወደ 22 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ እንዳሳየ አረጋግጧል። ይህን ስናነብ በገለምሶና በበደሳ ቡና የሚለቅሙ እናቶቻችን ትዝ አሉን። ስንቶቹ ይሆኑ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው መለየት አቅቷቸው «ደክሞኛል» ብለው ሥራ የተዉት? ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፍ ኢብኑል ሀይሠም ካይሮ ላይ የጻፈው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ መነጽርም ጣሊያን አገር ከተሠራ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። እኛ ቤት ግን እስከዚያ ረመዳን ድረስ አንድም አልነበረም።

መነጽሩ ፕላስ 1.25 ነው። ገንዘቡን እኩል አዋጣን፤ ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ላከ። የልደቱ ክርክር በዚያው አበቃ።

እናታችን ደግሞ በዚህ ጊዜ የቆየ ዕዳዋን አወጣች። እህታችን የተወለደችው ሰባ ሰባት ድርቅ ቤቱን ባራቆተ ማግስት ነበርና በግ ጠፍቶ ዐቂቃዋ አልታረደላትም። ሸኻችንን ብንጠይቅ በሻፊዒዮች ዘንድ ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም ለራሱ ሊያርድ እንደሚችል ነገሩን። በሸዋል ወር እህታችን ከጨርቅ ንግዷ ባጠራቀመችው በግ ገዝታ አሳረደች። ጎረቤት ተጠራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ለችግረኞችም ተከፋፈለ። ልጇ ኬኩን አልረሳችም፤ ሻማ የሌለበት ዳቦ ደፋንላትና «ይሁን» አለች።

እንግዳ ሲሄድ እህታችን መነጽሯን አድርጋ ቅርጫቱን አወረደች። መርፌው ዝጎ ስለነበር አዲስ አወጣች፤ ክሩ በመጀመሪያው ገባ። ከዚያ ዓይኗ በደከመባቸው ወራት የሰፋችውን ስታይ ሠላሳ አንድ ነጥብ ወደ ተሳሳተ ጎን ተጋድሞ አገኘች። እኛ «ማን ያየዋል፣ ተዪው» አልናት። አንድ በአንድ ፈታችው።

እናታችን አጠገቧ ተቀምጣ ስትመለከት ቆይታ «እስቲ አምጪው» ብላ መነጽሩን ተቀበለቻት። አደረገችው። ጨርቁን አየች፣ እጇን አገላብጣ አየች፣ ከዚያ ጠጋ ብላ የእህታችንን ፊት ትክ ብላ ተመለከተች።

«አንቺ ልጅ!» አለች፤ «ሸብተሻል እኮ!»

በማግስቱ ለእሷም ወረፋ ያዝንላት።