ከሰል፣ ሂተር ወይስ ሂት ፓምፕ? የደጋ ቤት የሙቀት ሂሳብ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሲመሻሽ ከየደጁ ከሰል ይቀጣጠላል። ማንደጃው በካርቶን እየተራገበ ውጭ ይቆይና ፍሙ ቀልቶ ዳር ዳሩን አመድ ሲለብስ «በቃ፣ ጭሱ ወጥቷል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ለሚኖር ሰው ሙቀት ቅንጦት አይደለም። ግን በምን ብንሞቅ ይረክሰናል?

ሁሉንም ቆጣሪያችን በሚቆጥርበት መስፈሪያ፣ በኪሎዋት ሰዓት እንስፈረው። 1 ኪሎ ደረቅ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ባለ 1,000 ዋት ሂተር ይህንኑ ለመስጠት 8 ሰዓት መሥራት አለበት። እንግዲህ የ1 ኪሎ ከሰልን ዋጋ ከ8 ኪሎዋት ሰዓት ክፍያ ጋር ማስተያየት ነው።

ሂት ፓምፕ ሂሳቡን ይለውጠዋል። የፍሪጅን ጀርባ ቢነኩት ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከውስጥ ካለው ምግብ ተቀድቶ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕም ከውጭው አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል። ኤሌክትሪኩ የሚውለው ለመቅጃ ስለሆነ በ1 ኪሎዋት ሰዓት 3 ያህል ይገኛል፤ ለ8ቱ ከ3 ያነሰ ይበቃል ማለት ነው። ሥራው ከጉድጓድ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር፣ ማለትም ውጭው በበረደ ቁጥር ይከብዳል። የማርቆስ ሌሊት ደግሞ ከአውሮፓ ክረምት አንጻር ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ይሁንና መሣሪያው ውድ ነው፤ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚሞቅ ቤት ወጪውን ቶሎ አይመልስም። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ለሚፈልግ ሆቴል ወይም ሆስፒታል ግን ያዋጣል።

ከሰል በገበያ ዋጋው የማይታይ ዕዳ አለበት። ጭሱ ሲያልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያልቅም። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። በደጋው አየር ደግሞ ኦክስጅኑ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። መስኮት ሲከፈት መርዙ ይወጣል፤ የተገዛው ሙቀትም አብሮት ይወጣል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቤቱ ቀዳዳ ይደፈን። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያና ከሥሩ ክፍት የሆነ በር የየትኛውንም ምድጃ ሙቀት ይበላሉ። ኮርኒስ አንዴ ይሠራል፤ ለዓመታት ያለ ቆጣሪ ያሞቃል። ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ ግን መርዙ መውጫ ስለሌለው ከሰል አይንደድ፤ ሰው በተኛበት ክፍልም ፍም አይደር።