ጭሱ ያጣፍጣል፣ የሚያበስለው ግን ሙቀቱ ነው

ለመሆኑ ጭስ ስጋ ያበስላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ እኛ ቤት ከፋሲካ ወዲህ ሲያከራክር ከርሟል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ብዙ ዓመት ከኖረበት ከቨርጂኒያ ሲመለስ አሜሪካኖች «ስሞከር» የሚሉትን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስጋ ማጠኛ ይዞ መጣ። እናቴ «ጭስ ጠግቦ ከጠቆረማ በስሏል» ትላለች። አጎቴ ደግሞ «እትዬ፣ መልኩ እንዳያታልልሽ» ይላታል። ከስጋው የሚበሉት ትናንሽ ልጆች ጭምር ስለሆኑ ነገሩ የጣዕም ክርክር ብቻ አይደለም። እኛ ደግሞ «አጣሩ» እየተባልን የምንማር የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አይደለን? ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበትን እነሆ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ከዕቃው ጋር እንተዋወቅ። ስሞከር ሲያዩት ትንሽ ፍሪጅ ይመስላል። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከታች ብዙውን ጊዜ 800 ዋት ገደማ የሚወስድ ማሞቂያ አለው። ከማሞቂያው በላይ የእንጨት ስንጣሪ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳህን፣ ቀጥሎ የውሃ መያዣ፣ ከዚያ ስጋው የሚደረደርበት ሽቦ ይገኛል። ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን እያጠፋና እያበራ ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያቆየዋል። ለስጋ የተለመደው ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከከሰል የሚሻለውም በዚሁ ነው፤ እሳት እያራገቡ መዋል የለም።

ታዲያ ጭሱ ምን ይሠራል? ስንጣሪው ሳይነድ እየተጨሰ መዓዛውንና ቀለሙን ስጋው ላይ ያሳርፋል። ሥራው በአብዛኛው ከላይ ከላይ ነው፣ ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ወተቱ መዓዛ ያገኛል፣ ቶሎም አይበላሽም። ነገር ግን ታጠነ እንጂ ፈላ አይባልም። ስጋውም ላይ እንደዚያው ነው።

የሚያበስለው ሙቀቱ ነው፤ እሱም የሚለካው ከሳጥኑ ሳይሆን ከስጋው መሐል ነው። ሙሉ የበሬ ስጋ መሐሉ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ለመብላት አያሰጋም። የኮሶ እጭም በዚህ ሙቀት ይሞታል። የተፈጨ ስጋ 71፣ ዶሮ ደግሞ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ፍርምባ ግን በ63 ዲግሪ ባያሰጋም ገና ጎማ ነው። ጅማት ያጠነከረው ኮላጅን ቀልጦ ስጋው እንዲለሰልስ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ይፈልጋል። ለ3 ኪሎ ፍርምባ ይህ 10 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። መሐል ላይ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ቴርሞሜትሩ ለሰዓታት አልንቀሳቀስ ይላል። ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ! ላብ ሰውን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ከስጋው የሚተነው እርጥበት ያቀዘቅዘዋል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው።

መልክስ ምስክር አይሆንም ወይ? አይሆንም። የጠቆረ ስጋ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። የበሰለው ደግሞ ከጭሱ የወጣ ጋዝ ቀለሙን ስለሚይዝበት ከቆዳው ሥር ቀላ እንዳለ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ዓይን በሁለቱም በኩል ይሳሳታል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ጣጣ እንምጣ። ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚስብ ይቃጠላል። ስለዚህ ከዕቃው ዋት የሚበልጥ አቅም ያለው ትራንስፎርመር የግድ ነው።

ከዚህ የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። መብራቱ የጠፋው ስጋው ገና ለብ ሲል ከሆነ ቶሎ አውጥቶ በጋዝ ወይም ውጭ በከሰል ማብሰል ነው። «ሲመጣ አሞቀዋለሁ» ብሎ ለሰዓታት መተው አያዋጣም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር ልበል። ወይራ ጥሩ ነው። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት ስላላቸው ስጋውን ያመሩታል። ቀለም የተቀባ እንጨትማ ጨርሶ አይታሰብም። ከሚጨሰው እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚወጣ ዕቃው ሁልጊዜ ደጅ ይቀመጥ፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት የሚያደርሰውን ሁላችንም ሰምተናል። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲቆይ ተብሎ የታጠነና በጨው የታሸ ስጋን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ጋር መድቦታል። ስለዚህ ለበዓል ካልሆነ በየቀኑ የሚበላ አይደለም።

ከእናንተ መካከል ስሞከር ሊያስመጣ ያሰበ ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ ከእንጨቱም ከቅመሙም በፊት የስጋ ቴርሞሜትር ይግዛ። አጥንት ሳያስነካ ወፍራሙ ሥጋ መሐል ይትከለው። ቁጥሩ ሳይደርስ ግን፣ ሽታው የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ማንም አይቅመስ።