አሠሪ ስለ ሕመማችን ምን ያህል ይወቅ?

ጀርመን፣ ኑረምበርግ በሚገኘው የኤች ኤንድ ኤም የአገልግሎት ማዕከል አለቆች ከፈቃድ ወይም ከሕመም የተመለሰን ሠራተኛ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ያነጋግሩ ነበር። ከጨዋታው በኋላ የሕመሙን ምልክትና ሐኪሙ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባሉ፤ የቤተሰብ ጣጣም አይቀርም። መዝገቡን እስከ 50 የሚደርሱ ኃላፊዎች ማየት ይችሉ ነበር። ጉዳዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በቴክኒክ ስሕተት ፋይሉ ለጥቂት ሰዓታት ለመላው ድርጅት ክፍት ሆኖ በመገኘቱ ነው። በዓመቱ የሐምቡርግ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ድርጅቱን 35.3 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ልብ በሉ፤ ከሆስፒታል የወጣ ካርድ የለም፤ ወሬው የተገኘው ከራሱ ከሠራተኛው አፍ ነው።

አሜሪካ በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ ወገኖቻችን ሂፓ የተባለውን እ.ኤ.አ. የ1996 ሕግ አሳምረው ያውቁታል፤ የታካሚን ምስጢር ማውጣት ከሥራ ያስባርራል። ይሁንና ይኸው ሕግ እነሱ ራሳቸው ለአሠሪያቸው ያስረከቡትን የሕመም ወረቀት አይነካም። ክፍተቱን በከፊል የሚሸፍነው የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፦ ቅጥር ሳይፈቀድ ስለ ጤና መጠየቅ ክልክል ነው፤ በኋላ የተገኘውም ከሠራተኛው የግል ማኅደር ተለይቶ ይቀመጣል። ያም ሆኖ አንድ የባቡር ኩባንያ፣ በርሊንግተን ኖርዘርን ሳንታ ፌ፣ እጃቸውን ያመማቸውን ሠራተኞች ደም ሳያስፈቅድ ለዘረመል ምርመራ ልኮ በ2002 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የዘረመል መረጃን ከአሠሪ የሚከልል ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው በ2008 ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሐኪሙ በደንብ ታስሯል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ይቀጣል ይላል። አሠሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ገመዱ ይላላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል፤ በበቂ ምክንያት የታዘዘ ምርመራንም እምቢ ማለት አይችልም፣ ከኤችአይቪ በቀር። ሕግ አውጪው ይህን ልዩ ያደረገው አሠሪ ውጤቱን ይዞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስለገባው ይመስለኛል። ታዲያ የአእምሮ ሕመምስ? የሳንባ ነቀርሳስ?

ወረቀቱ ላይ የዕረፍቱ ቀን ብዛት ቢሰፍር ለመሥሪያ ቤቱ በቂ ነው። የበሽታው ስም ከተጻፈበት ግን ከቅርብ አለቃ ወደ ሰው ኃይል፣ ከሰው ኃይል ወደ መዝገብ ቤት ሲዞር ብዙ ዓይን ያርፍበታል። የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣውና የላቦራቶሪ ደረሰኙ ሒሳብ ክፍል ይገባሉ፤ ከመድኃኒቱ ስም በሽታውን መገመት ለማንም አያዳግትም። ሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ እንደ ሐኪሙ የሕክምና ባለሙያ አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በእኔ እምነት ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያው ከሒሳብ ክፍል ነው፦ ደረሰኙን ሐኪም ወይም መድን ሰጪ ይመርምረው፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው የብሩ ድምር ብቻ ይሁን።