ጠፍጣፋውና ድቡልቡሉ ትል

የሆድ ትል ሁሉ ለኔ አንድ ይመስለኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ባመመው ጊዜ እናታችን የወስፋት መድኃኒት ሰጠችው፤ ሆኖም አልተሻለውም። ሰገራው ሲመረመር የተገኘው የቢልሃርዝያ እንቁላል ነው። ለካ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይዋኝ ኖሯል!

ቢልሃርዝያና ኮሶ ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ናቸው። ቢልሃርዝያ አፍ እንጂ ፊንጢጣ የለውም፤ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባና በደም ሥር ይኖራል። ኮሶ ጭራሽ አንጀት ስለሌለው ምግቡን በገላው ይመጣል። ወስፋት ግን ድቡልቡል ነው፤ ከአፉ እስከ ፊንጢጣው የተዘረጋ አንጀት አለው፤ እንቁላሉም ባልታጠበ እጅና ምግብ ይገባል።

መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው፤ ለወስፋት አልቤንዳዞል፥ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል። ወንድሜ የዳነው በኋለኛው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ መድኃኒት ከመስጠታችሁ አስቀድማችሁ አስመርምሩን።